ሐይቅ ከተማ፦ ወደ ውሃው የምትሰፋው የደሴ ጎረቤት (ውይይት)

ከደሴ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በዚህ መድረክ ስለ ደሴና ስለ ኮምቦልቻ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሐይቅ ከተማ ግን ከገዳሙና ከዓሣው ያለፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ይህን ክር ለመክፈት ተገደድሁ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ የምሠራውም እዚያው ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ መካከል ተጨንቃ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ ሜዳ የሚባል ነገር የላትም፤ ስለዚህ ቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው ወይ ዳገቱን ይወጣል፣ ወይ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ አለዚያም ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ይገባል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቅ አድረው ደሴ የሚውሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ ጠዋት በሚኒባስ ይመጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። የአየሩ መለወጥ ብቻ ሰውን ይስባል፤ ከደሴ ብርድ ወርዶ ሐይቅ ሲደርስ ሰው ጋቢውን ያወልቃል።

ባለቤቴ በተሁለደሬ ወረዳ ዘመዶች ስላሏት እኛም ወደዚያ ለመዛወር እያሰብን ነው። ባለፈው ጥር አንድ ደላላ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ወደ ውሃው በሚያወርደው በኩል ያለ ቦታ አሳየን። ሜዳ ነው፤ በበጋ እንኳ ለምለም ሣር ይታይበታል፤ ዋጋው አስፋልቱ ዳር ካለው ቦታ በብዙ ይቀንሳል። ደላላው «ባዶ መሬት ነው፣ ማንም አይጠቀምበትም» አለን። እኔ ግን ባዶ መሬት በጥር እንዴት እንዲህ ሊለመልም እንደቻለ ሳስበው ሰነበትሁ። ከተማዋን የምታውቁ ሰዎች ስለ ኑሮዋ፣ ስለ መሬቷና ስለ ውሃዋ የምታውቁትን በዝርዝር ብትነግሩን፣ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ተመሳሳይ ሐሳብ ላላቸው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

—

የሎጎ ልጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ስላነሱ አመሰግንዎታለሁ። እኔ የሐይቅ ተወላጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ቢሆንም እናቴና ወንድሞቼ እዚያው ናቸው። ከስሙ ልጀምር። እንግዳ ሰው «ሐይቅ» ሲባል ውሃው ይሁን ከተማው አይለይለትም፤ እኛ ግን ውሃውን ብዙ ጊዜ «ሎጎ» እያልን ስለምንጠራው አይምታታብንም። ከተማው በዋናው መንገድ ላይ የተዘረጋ ነው። ከዚህ መንገድ ወደ ምሥራቅ ተገንጥሎ በቢስቲማ አድርጎ ወደ ጭፍራና ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ሌላ መንገድ አለ፤ ስለዚህ ከተማችን የደጋው እህልና የቆላው ከብት የሚገናኙባት የመተላለፊያ ከተማ ናት። ውሃው ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፤ በባጃጅ ቶሎ ይደርሳሉ።

ስለ ሰዉ የምነግርዎት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ወሎዬ ስለሆኑ ያውቁታል። የእናቴ ጎረቤት ሐጂ ናቸው፤ የእናቴ አክስት ደግሞ መነኩሲት ነበሩ። በሰርግም በለቅሶም ሁለት ድስት መጣድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በአካባቢው የሚበዛው ሙስሊሙ ሲሆን የኅዳር ጽዮንም የመውሊድም ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል።

አሁን ወደ ታየዎት ቦታ ልምጣ። «ማንም አይጠቀምበትም» የተባለው እውነት አይደለም። ያ ሜዳ በበጋ የሚለመልመው ውሃው ከሥሩ ቅርብ ስለሆነ ነው። በልጅነቴ ከጥር እስከ ሚያዝያ ድረስ፣ በልጉ በቀረበት ዓመት ደግሞ እስከ ሰኔ፣ የሰፈራችን ላም ሁሉ የሚውለው እዚያ ነበር። ለቡና መጎዝጎዣ የምንነሰንሰውን ቄጠማ የምናጭደው ከዚያ ነው። ፊላው ምንጣፍና የጎጆ ክዳን ይሆን ነበር። አያቴ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ አንዲት ላም ተርፋላቸው የነበረው በዚያ ሣር እንደሆነ ሲናገሩ እየሰማሁ አድጌአለሁ። ካርታ ስለሌለው ባዶ መስሎ ይታያል እንጂ እያንዳንዱ ጎጥ ድርሻውን የሚያውቅበት መሬት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በአገሩ የሚነገር ተረት አለ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት በደል ደርሶባት ወደ ፈጣሪዋ ስታለቅስ፣ ምድሩ ሁሉ ወደ ውሃነት ተለውጦ እሷ የተቀመጠችበት ስፍራ ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ ይባላል። ያ ስፍራ ዛሬ ገዳሙ ያለበት ነው። እኛ ልጆች ሳለን ይህን ተረት የምንሰማው ውሃው ዳር ቆሻሻ እንዳንጥል ሲነገረን ነበር።

—

ውሃና አፈር

በሙያዬ የተፋሰስ ሥራ ላይ ስለምገኝና በአካባቢው ስለሠራሁ ጥቂት ማብራሪያ ልስጥ። እዚህ ላይ የሚሰነዘር ማንኛውም ምክር ከአንድ እውነታ መነሳት አለበት፦ የሐይቅ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም።

ሐይቁ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ተረተር ላይ፣ በመሬት መሰንጠቅና መስመጥ በተፈጠረ ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥልቅ ነው። ከእሱ በላይ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል አርዲቦ የሚባለው ሌላ ሐይቅ አለ። የአርዲቦ ትርፍ ውሃ በወንዝ ወርዶ ወደ ሎጎ ይገባል፤ የዙሪያው ተራሮች ጎርፍም እንዲሁ ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን ውሃው የሚሄድበት የለም። ፀሐይ ያተንነዋል እንጂ አይፈስም።

ይህ ለተራ ኗሪ ምን ትርጉም አለው ቢባል፣ በጣም ብዙ ነው። ፀሐይ የምታነሣው ውሃውን ብቻ ነው። በውሃው የመጣው ጨው፣ ደለል፣ ማዳበሪያና የሽንት ቤት ፍሳሽ እዚያው ይቀራል። ወንዝ ዳር የምትኖር ከተማ ጥፋቷን ወደ ታች ትልካለች፤ ይህ ልክ ባይሆንም ራሷ ትተርፋለች። የሐይቅ ከተማ ግን በዚህ ክረምት የለቀቀችውን ነገር የልጅ ልጆቿ በዚያው ውሃ ውስጥ ያገኙታል።

በከተማውና በውሃው መካከል ያለው ረግረግ የሚሠራውን ሥራ በዚህ መንገድ ቢያዩት መልካም ነው። ከከተማው የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ፊላውና ደንገሉ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ደለሉ ይወድቃል፤ የዕፅዋቱ ሥርም ከማዳበሪያውና ከፍሳሹ የመጣውን ንጥረ ነገር ይወስዳል። ቄጠማው ታጭዶ ወደ ቤት ሲሄድ ያ ንጥረ ነገር ከሐይቁ ተፋሰስ ይወጣል ማለት ነው፤ መውጫ ለሌለው ውሃ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኅታችን የሎጎ ልጅ የጠቀሰችው የአጨዳ ልማድ፣ ማንም እንዲህ ብሎ ሳያቅደው፣ ሐይቁን ሲያጸዳ ኖሯል። ያ ቦታ ተደልድሎ ቤት ቢሠራበት ግን የሚጠፋው ሣሩ ብቻ አይደለም፤ ጎርፉ የሚያርፍበት አጥቶ ከነጭቃው በቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባል።

—

ግንበኛው

እኔ በግንበኝነት ሥራ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ተመላልሼ ሠርቻለሁ። ወንድማችን ያየው ቦታ አፈሩ ዋልካ እንደሚሆን ሳላየው መናገር እችላለሁ። ዋልካ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ያለው ቤት አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ባለ ብሎኬት ቤት አሠራኝ፤ መሠረቱን ጠለቅ አድርገን ዋልካውን እናውጣና ሰሌክት ማቴሪያል (የማያብጥ የተመረጠ አፈር) እንሙላ ብለው ወጪ ይበዛል አለ። እኔም እሺ ብዬ ሠራሁ፤ እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው። በሁለተኛው ክረምት ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ድረስ ተሰነጠቀ፤ በግድግዳውም እርጥበቱ እስከ ጉልበት ድረስ ወጣ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሽንት ቤቱ ነው። ውሃው ለገጽ ቅርብ በሆነበት ቦታ ጉድጓድ ሲቆፈር በሁለት ሜትር ውሃ ያመነጫል። በክረምት ጉድጓዱ ከታች በሚመጣው ውሃ ይሞላና ይገነፍላል፤ በበጋ ደግሞ በውስጡ ያለው ከከርሰ ምድሩ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ቢሆን ምን እንደሚጠጡ ማሰብ አያቅትም። ዙሪያው በሲሚንቶ የተለሰነና ውሃ የማያሳልፍ ታንከር ከተሠራ ይሻላል፤ ነገር ግን እሱንም የሚመጥጥ መኪና በየጊዜው መጠራት አለበት። ዋጋው በዚህ ሁሉ ሲሰላ አስፋልቱ ዳር ካለው ቦታ አይረክስም።

የሕጉንም ነገር ልብ ይበሉ። ከገበሬ በእጅ የተገዛ መሬት ካርታ የለውም፤ የጨረቃ ቤት ተብሎ በአንድ ቀን ሲፈርስ አይቻለሁ። ቤቱን የሠራሁት እኔ ብሆንም የፈረሰው የሰውየው የዕድሜ ልክ ድካም ነው።

—

ከሐርቡ

የእናንተ ውይይት ስለ እኛም ስለሆነ ልግባበት። እኔ ሐርቡ ነው የምኖረው፤ ከኮምቦልቻ በታች፣ ጨፋ ረግረግ አጠገብ። የእኛ ታሪክ ከሐይቅ ጋር በአንድ ነገር ይለያል፤ የእኛ ውሃ ይፈሳል። ቦርከና ደሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከዚያ በሐርቡ በኩል ጨፋ ሜዳ ላይ ይተኛል፣ ከሚሴን አልፎ በመጨረሻ አዋሽ ይገባል። በመንገዱ የሁለት ከተማ ፍሳሽና የፋብሪካዎች ዝቃጭ ይዞ ይመጣል። ጨፋ ላይ የሚያርፈው ይህ ነው።

ጨፋን ያላየ ሰው በበጋ ይምጣና ይየው። ቆላው ሲቃጠል የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት አርቢዎች መንጎቻቸውን ነድተው ወደዚያ ይወጣሉ። ያ ሣር ባይኖር ኖሮ በድርቅ ዓመት የሚያልቀው ከብት ስንት ይሆን እንደነበር ፈጣሪ ያውቃል። ዳሩ እየታረሰ፣ ውሃው በቦይ እየተጠለፈ ለመስኖ ሲውል ግጦሹ ጠበበ፤ ሲጠብ ደግሞ በእረኛና በገበሬ መካከል ጠብ መጣ። አባቶች ቁጭ ብለው ስንቱን እንዳስታረቁ የእኛ ሰፈር ሰው ያውቃል።

ይህን የምጽፈው የሐይቅ ሰዎች ከእኛ እንዲማሩ ነው። የጨፋ ረግረግ «ባዶ መሬት» ተብሎ ስሙ የተለወጠ ዕለት ነው መጥፋት የጀመረው።

—

የዓሣ ነጋዴ

ብዙ ሰው የሐይቅን ዓሣ ከፍጥረቱ ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ወደዚህ ውሃ የገባው እ.ኤ.አ. በ1978 በሰው እጅ ነው። አባቴ ከመጀመሪያዎቹ መረብ ጣዮች አንዱ ስለነበር ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ እነሱ ታንኳ ላይ ሲወጡ የሰፈሩ ሰው ዳር ቆሞ ይስቅባቸው ነበር። በኋላ ግን ከተማው በዓሣ ታወቀ። በጾም ወቅት ከደሴ ድረስ ሰው እየመጣ ሐይቅ ላይ ዓሣ በልቶ ይመለሳል፤ መንገደኛውም ወደ ወልድያ ሲሄድ ምሳውን እዚህ ይበላል።

ስለ ረግረጉ የምለው አንድ ነገር ነው። ቆሮሶ የሚራባው መሐል ጥልቁ ላይ አይደለም። ዳር ዳሩን፣ ውሃው ከጉልበት እስከ ወገብ በሚሆንበት፣ አሸዋውን በአፉ ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹም የሚሸሸጉት ፊላው ሥር ነው። ዳሩ ሲነቀል ወይም ደለል ሲለብሰው ዓሣው የሚወልድበት ያጣል። መረባችን ዓይኑ እየጠበበ፣ የሚያዘው ዓሣ እያነሰ መጣ። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ጠባብ መረብ የሚጥል አለ፣ በመራቢያ ወቅት የማያርፍ አለ። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብቻ ብወቅስ ኅሊናዬ አይቀበለውም።

—

ዲያቆኑ

ስለ ገዳሙ በጥቂቱ ልበል፤ ምክንያቱም ከውሃው ነገር ጋር ይገናኛል። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርት ቤት ማዕከል ሆኖ የገነነ ገዳም ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ናቸው። የገዳሙ አበ ምኔት ከይኩኖ አምላክ ዘመን ጀምሮ «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕርግ በቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ ስፍራ ነበራቸው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈ ባለሥዕል ወንጌል እስከ ዛሬ ይታወቃል።

አሁን ልብ በሉ። በጥንቱ ጽሑፍ ሁሉ ይህ ገዳም የሚጠራው በደሴትነቱ ነው። ዛሬ ግን ወንድ የሆነ ሁሉ (ሴቶች አይገቡበትም) በእግሩ ይገባል። ደሴቱን ከየብስ የሚለየው ውሃ ሸሽቶ፣ ደለልና ሣር ሞልቶት ልሳነ ምድር ሆኗል። የእኛ አባቶች ይህን በዓይናቸው ያዩ ምስክሮች ናቸው፤ ውሃው እንደሚሸሽ ለማመን ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

—

ወጣት ከተሁለደሬ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ሁላችሁንም በጥሞና አንብቤአለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልቤን ስላሳመመኝ በግልጽ ልናገር። ሐይቁን ጠብቁ የሚሉን ብዙዎቹ ደሴና አዲስ አበባ ተቀምጠው ነው። እኔ ከተመረቅሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ሥራ የለኝም። አባቴ ያለው መሬት ግማሽ ሄክታር አይሞላም፤ ከአራት ወንድሞቼ ጋር የምካፈለው ይህንኑ ነው። ውሃው ዳር ጫት ተክሎ በሞተር የሚያጠጣ ገበሬ ልጆቹን ያስተምራል፤ ተራራው ላይ ዝናብ ጠብቆ ማሽላ የሚዘራው ግን አይችልም። መሬቱን ለቤት ሠሪ የሚሸጠው ሰው ደግሞ ለትርፍ ብሎ ሳይሆን ስለ ተቸገረ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማችን ውስጥ ሲገባ ያለን ሁሉ ተዘረፈ፤ ከዚያ ለመነሣት የሚሸጥ ነገር የነበረው ሸጠ። ደለሉ ከተራራው ይወርዳል ስትሉ፣ ያ ተራራ ላይ የሚያርሰው ሰው ሌላ የሚያርሰው የለውም። ታዲያ እኛ በምን እንኑር? መልሱ «አትንኩ» ብቻ ከሆነ ማንም አይሰማችሁም።

—

ውሃና አፈር

ወንድሜ፣ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ የጻፍሁት ይህን ዘንግቶ የተጻፈ መስሎ ከታየዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። «አትንኩ» የሚለው ቃል ከእኔ አልወጣም፤ ወደፊትም አይወጣም። የረግረግ መሬት ጥቅም የሚሰጠው እየተጠቀሙበት ነው፤ ቄጠማው ሲታጨድ፣ ከብቱ በተራ ሲግጥ፣ ዓሣው በወቅቱ ሲጠመድ። የማይመለሰው ተደልድሎ ቤት ሲቆምበት ነው።

ተስፋ የሚሰጠኝን አንድ ነገር ላካፍልዎት። ከሎጎና ከአርዲቦ ሥር የወጣ ደለል በተመራማሪዎች ተጠንቷል፤ በየንብርብሩ ውስጥ የቀረው የዕፅዋት የአበባ ብናኝ የ3000 ዓመት ታሪክ ይናገራል። በጥንት ይህ ተራራ ዝግባና ጽድ ለብሶ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ደኑ ተመነጠረና ክትክታና ሣር ያዘው፤ እንዲሁ ሆኖ ከ1800 ዓመት በላይ ቆየ። ከዚያ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጽዱና ወይራው ተመልሶ መጣ፤ በኋላ ደግሞ እንደገና ተመነጠረ። እኔ ይህን ሳነብ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም የወሎ ተራራ ከድሮ ጀምሮ ራቁቱን የተፈጠረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አንዴ የተራቆተ ተራራ ለመልበስ ይችላል፤ ለብሶም ያውቃል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከላይ ነው። እርከን በተሠራበትና ከንክኪ ነጻ በተደረገ ተራራ ሥር ምንጭ ሲመለስ በአካባቢያችን ደጋግመን አይተናል። ያ ተራራ ላይ ያለው ሣር እየታጨደ ለከብት ማድለቢያ ሲውል፣ ንብ ሲሰቀልበት፣ ለእርስዎ ዓይነቱ ወጣት ሥራ ይሆናል። ከታች ደግሞ ከውሃው ጠርዝ ጀምሮ የማይታረስና የማይገነባበት የፊላና የሣር ቀበቶ መተው አለበት፤ ጫት የሚያጠጣው ገበሬ ከቀበቶው በላይ ሆኖ ያጠጣ። የሚጠቀምበት ፀረ ተባይ ግን ያሳስበኛል፤ ውሃው መውጫ እንደሌለው ለገበሬው ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ጣናን እምቦጭ የወረረው ውሃው በማዳበሪያና በፍሳሽ ከደለበ በኋላ ነው፤ ያውም ጣና ዓባይን ያህል መውጫ እያለው።

—

ወጣት ከተሁለደሬ

በዚህ መንገድ ሲነገር ይገባኛል። እርከኑን በየዓመቱ ጥር ላይ እንወጣና እንሠራለን፤ የጎደለው ከተሠራ በኋላ ከብት እንዳይገባበት የሚጠብቀው ነው። ስለ ፀረ ተባዩ ያሉት እውነት ነው፤ እኔ ራሴ የረጨሁበትን ጀሪካን ወንዙ ውስጥ አጥቤዋለሁ። ሌላ የማጠቢያ ቦታ መፈለግ እንዳለብኝ ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

—

ከደሴ (ክሩን የከፈተ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት፤ ዘመዶቿ ዘንድም ደውላ ስለ ቦታው ጠየቀች። አጎቷ «ያ እኮ የከብቶቻችን የበልግ ማቆያ ነው፤ ማን ሸጠላችሁ?» አሏት። ለካ ደላላው ቦታውን ሲያሳየን ከጎጡ ሰው ማንም አያውቅም ነበር። ሐሳቡን ትተነዋል። ነገር ግን ወደ ሐይቅ የመዛወር ምኞታችን አልተለወጠም፤ አሁን የምንፈልገው ከመንገዱ በላይ፣ ወደ ተራራው በኩል፣ ካርታ ያለው ትንሽ ቦታ ነው። ግንበኛው ወንድሜ፣ በዚያ በኩል አፈሩ ምን ይመስላል? ውሃ የማያሳልፈው ታንከርስ ለአምስት ሰው ቤት ስንት በስንት መሆን ይበቃዋል? እኅቴ የሎጎ ልጅ ደግሞ፣ ቦታ ለማየት የትኛው ወር እንደሚሻል ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።

—

ግንበኛው

ወደ ተራራው በኩል ቀይ አፈርና ድንጋይ ይበዛል፤ ለመሠረት ጥሩ ነው። ነገር ግን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ እንዳይገቡ ይጠንቀቁ፤ በበጋ ደርቆ መንገድ ይመስላል። ለታንከሩ እንዲህ ነው የምለው፦ በሁለት ክፍል የተከፈለ፣ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው በላይ በኩል የሚያሳልፍ፣ መክደኛው የሚከፈት ይሁን። ልኩን ቦታውን ሳላይ ብነግርዎት ላሳስትዎት እችላለሁ፤ ሲገዙ ይደውሉልኝና መጥቼ አፈሩን ቆፍሬ አያለሁ። ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም።

—

የሎጎ ልጅ

ወንድሜ፣ በጥር አይምጡ፤ በጥር ሁሉም ቦታ ያምራል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ዕለት ጠዋት ይምጡ። መናኸሪያው ጋ ወርደው ቡት ጫማ ያድርጉና ጎርፉ ከተማውን አቋርጦ የሚወርድበትን ቦይ ተከትለው እስከ ፊላው ድረስ በእግርዎ ይሂዱ። ውሃው ፊላው ውስጥ ሲገባ ቡናማ ነው። ከዚያ በታንኳ የሚያሻግር ልጅ ይለምኑና በወዲያኛው በኩል፣ ፊላው በሚያልቅበት ላይ ሆነው ይዩት። እናቴ ቤቷ ከመንገዱ በላይ ነው፤ ከነባለቤትዎ ቡና ሳትጠጡ እንዳትመለሱ ብላለች። የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከየት እንደሚታጨድ ያን ጊዜ ራሷ ታሳይዎታለች።